ማንም የለኝም ያልኩ ቀን

ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ በትክክል አላስታውሰውም። የማስታውሰው ውርጩን ነው። የጥቅምት ውርጭ ገብሳችንን ገና ወተት እንደያዘ መታው፤ ጠዋት ስንወጣ ማሳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀን፣ ፀሐይ ስትነካው ደግሞ ጠቆረ። እንዲህ ያለ ዓመት በዕድሜዬ ሦስት አራት ጊዜ ስለገጠመኝ የትኛው እንደነበር ይምታታብኛል። ጢሜ ገና ብቅ ብቅ ይል እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ነገሩን ረስቼው ነበር ማለት አልችልም። አስቀምጬው ነበር እንጂ። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰናይት ካስቀመጥኩበት አወጣችብኝ።

ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መካነ ሰላም ከተመለሰች ሁለት ክረምት አልፏታል። ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ግድግዳ ሁሉ ያውቃታል። ለአንዲት ቦታ የሚሰለፈው ወጣት የጥምቀት ሕዝብ ነው፤ አንዱን ከአንዱ ማን ይለየዋል? «አባባ፣ የዘንድሮ ሥራ ለተማረ አይደለም፣ ተለይቶ ለሚታይ ነው» ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ፤ የማላውቀውን ምን ብዬ እከራከራለሁ።

ያን ዕለት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ እሷ አንድ ቅጽ ትሞላለች። ሩቅ አገር ላለ ሆቴል ሠራተኛ እመለምላለሁ የሚል ደላላ የሰጣት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ቢሆንም ባዶ መስመርማ ይታየኛል። ሁሉን ሞልታ አንዱን ዘለለችው።

«ይቺንስ?» አልኳት።

«እሷ ችግር ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስም የሚጻፍባት ናት። ባዶ ተያት ብሎኛል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ደላላው። አሠሪዎቹ ቤተሰብ የሚያበዛ አይወዱም አለኝ፣ ነገር ይከተላል ብለው። ባዶ የተወች ቶሎ ትመረጣለች። ተለይቼ እንድታይ ብዬ ነው፣ አባባ።»

ቆሎው አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነብኝ።

ያኔ፣ በዚያ የውርጭ ዓመት፣ አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከኔ በታች ሁለት ሴቶች ልጆች አሉ። መንደራችን በአቀስታ በኩል፣ ነፋሱ ቆዳ የሚገፍበት አገር ነው። ገብሱ እንደጠፋ በመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ገደል የሚወርድ መንገድ ሊጠረግ ነው፣ ለሠራተኛ ከገንዘቡ ጋራ ስንዴ ይሰጣል የሚል ወሬ መጣ። እናቴ ከአምናው ገብስ የተረፈውን በሶ አድርጋ በከረጢት ቋጠረችልኝ። ጋቢዬ ትከሻው ላይ ተቀዶ ነበርና በአዲስ ፈትል ሰፍታ ጠቀመችው። «ስንዴውን ይዘህ ና፣ ካልሆነም ራስህን ይዘህ ና» ብላ መርቃ ሸኘችኝ።

ሁለት ቀን ሄድኩ። በኛ አገር መንገደኛ ደጅ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። አባት፣ አያት፣ የአያት ወንድም እየተባለ ይቆጠርና አንዱ ጋ ዝምድና አይጠፋም፤ ከዚያ ወዲያ ንፍሮውም መኝታውም ያንተ ነው። ዝምድና ስንቅ ነው። እኔም ወደ ሥራው ስሄድ ከበሶው ይልቅ የአባቴን ዘር ቆጠራ ይዤ መሄዴ ነበር።

መካነ ሰላም ገበያው ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ሠራተኛ የሚቀጥረው አለቃ፣ ካቦው፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የአገራችን ሰው አልነበረም። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሲናገር ሰው ጆሮውን ያስጠጋል። ከፊቱ ሥራ ፈላጊው ተሰልፏል፣ ሁሉም ጋቢ ለብሶ፣ ሁሉም ዱላ ይዞ፣ ሁሉም የራበው።

«አንተ የውርጭ አገር ሰው» አለኝ ከኋላዬ የቆመ አንድ የከላላ ልጅ፣ «አፍንጫህ ከአንተ ቀድማ ተሰለፈች እኮ!» አስናቀ ይባላል። እንዲህ ተዋወቅን። በሶዬንም አብረን መብላት ጀመርን።

ካቦው እያንዳንዱን «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ሰዉ ደስ ይለዋል፤ ይህንን ማን አጥቶት? አንዱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ አንዱ አጎቱ ዳኛ እንደሆነ ይናገራል፣ አንዱ ዋስ የሚሆኑትን ሽማግሌ በእጁ ይዞ መጥቷል። ካቦው ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማና «እሺ፣ እዚያ ቁም» ይላል። እዚያ ማለት ያልተመረጠው የሚቆምበት ነው። እኔም አስናቀም ሁለት ቀን እዚያ ቆምን።

የተመረጡት ጥቂት ናቸው። አንዱ ቤተሰቡ በንዳድ ያለቀበት፣ አንዱ ከአገሩ ተጣልቶ የወጣ፣ አንዱ ወላጆቹን የማያውቅ። አስናቀ ሳቀ። «ዘንድሮስ ወላጅ ያለው ነው ወላጅ አልባ የሚሆነው!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰውየው ለምስኪን የሚያዝን መሰለኝ። እንዲህ ነው የመሰለኝ፤ ሌላ ነገር እንዴት ይምጣብኝ? እኛ አገር የሙት ልጅን ያስቀደመ ሰው እግዜርን የሚፈራ ነው። እናቴና እህቶቼ ትዝ አሉኝ፣ የተጠቀመው ጋቢ ትከሻዬ ላይ ነው፣ በሶው ከረጢቱ ሥር ደርሷል። በሦስተኛው ቀን ተራዬ ደረሰ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ ካቦው ቀና ሳይል።

«የማንም።»

«እናት?»

የተጠቀመውን ጋቢ ወደ ትከሻዬ ሳብኩ። «ሞታለች» አልኩ።

«ወንድም? አጎት? ዋስ?»

«ከመቃብር በቀር የማውቀው የለም።»

ካቦው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። በሬ እንደሚገዛ ሰው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ጎበዝ» አለ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። «አንተ እዚህ ቁም።»

ተለይቼ ታየሁ ማለት ነው። ወደ ተመረጡት ስሻገር አስናቀ ክንዴን ያዘ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «አንተ ተሰማ፣ ጠዋት የበላነው በሶ ከመቃብር ነው እንዴ የመጣው?» አለኝ። ጎንበስ ብሎ እጁን በሣር ጠረገና ሄደ። እስከ ዛሬ አላየሁትም።

እናትን በቁሟ ሞተች ማለት ምን እንደሆነ ለኛ ሰው አይነገርም። ሟርት ነው። ክፉ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ የሚሄድበትን ቤት አይስትም ይሉ ነበር ሽማግሌዎቻችን። ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ ወደ አቀስታ ሽቅብ ሲሄድ የማየው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁልቁል።

ሰባት ሆነን ወደ ገደሉ ወረድን። ደጋው አልቆ ቁልቋሉ ሲጀምር ጋቢያችንን አወለቅን። ዝንጀሮ ከቋጥኝ ቋጥኝ ይጮህብናል። በመንገዱ የገረመኝ ዝምታው ነው። ሰባት ወንድ አብሮ ሲሄድ ዝምድና መቆጠሩ አይቀርም፤ እኛ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም። የተረፈው መንገድ በሙሉ የእግር ድምፅ ብቻ ነበር። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት። ከሰው ሁሉ መሃል ጠያቂ የሌለውን ለይቶ ያወጣ ሰው ምን ሊያደርግበት ነው?

ሰፈሩ አንድ ድንኳን ነው። ከመግቢያው ምሰሶ ላይ ሦስት ጋቢ ተሰቅሏል፣ አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ ጠፍቷል።

«የማን ነው?» አልኩ ከሥሩ ተቀምጠው ገመድ ለሚያፍታቱት ሽማግሌ።

«የሚጠይቅለት የሌለው ሰው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ጠያቂ ቢኖረው ተሰቅሎ ይቀር ነበር?»

አያ ይመር ይባላሉ፤ የወረኢሉ ሰው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ። ሥራቸው ገመድ ነው። ሥራችን ደግሞ በገመድ ታስሮ በገደሉ ፊት መንጠልጠልና ድማሚት የሚገባበትን ጉድጓድ በመዶሻና በብረት መብሳት ነበር። ገመዱ ሁለት ነው። አዲሱ ነጭ ሆኖ ተጠቅልሎ ለመሐንዲሶቹ ተቀምጧል። አሮጌው ጠቁሮ፣ በብዙ እጅ ታሽቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

በማግስቱ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። አያ ይመር «ቢስሚላህ» ብለው አሮጌውን ወገቤ ላይ አዞሩ። ቋጠሮውን ከማጥበቃቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነገር ነበራቸው።

«የማን ልጅ ነህ? ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይኑረኝ።»

«የማንም አይደለሁም፣ አያ ይመር። እናቴም ሞታለች።»

እጃቸው ቆመ። ገመዱን ትተው ትከሻዬ ላይ የነበረውን ጋቢ ያዙ፤ የተጠቀመበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን ጠቀመው?»

ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

«ፈትሉ የዘንድሮ ነው። ገና ውሃ አልነካውም። እንዲህ አድርጋ የምትጠቅም ደግሞ እናት ናት፤ ገበያ ላይ የሚሰፋ ሰው ክር ይቆጥባል።» ወደ ፊቴ ቀረቡ። «ወላሂ በል፣ ሞታለች?»

ማልቀስ አልፈለግኩም ነበር። «አለች» አልኩ። «ሥራ እንዲሰጠኝ ብዬ ነው።»

«አኡዙቢላህ! በቁሟ ቀበርካታ!» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ምን እንዳዩብኝ እንጃ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «አብሽር። አብሽር ልጄ። የወጣ ቃል ሌላ ቃል ይመልሰዋል።»

ካቦው ከገደሉ ጫፍ ቆሞ «ምን ትጠብቃለህ ይመር? አውርደው እንጂ» አለ።

«ይሄ ልጅ ሰው አለው» አሉ አያ ይመር።

«ማን አለው?»

«እኔ። የእህቴ ልጅ ነው።»

ካቦው ማተቤን አየ፣ የአያ ይመርን ቆብ አየ። «አንተ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን። የምን የእህት ልጅ ነው?»

«ወሎ ነው እኮ ጌታዬ! አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ማታ ከአንድ ቤት ይገናኛል። አንተን ግራ ቢያጋባህ እኛን ግራ አያጋባንም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንደ ካቦው ለስለስ ብለው ተናገሩ። «ቢወድቅ ሬሳውን ተሸክሜ ዳኛ ፊት የማወርደው እኔ ነኝ። ደሙን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ስሜን መዝገብህ ላይ ጻፈው።»

ካቦው ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰ። አሞራ ከበላያችን ዞረ። እኔ በገመዱ ታስሬ፣ ጀርባዬን ለገደሉ ሰጥቼ፣ ሕይወቴ በዚያ ሰው ምላስ ላይ መሆኑን አወቅኩ።

«በአዲሱ አውርደው» አለ በመጨረሻ።

ይህችን ቃል ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። አሮጌው ገመድ እንደማይረባ ያውቅ ነበር ማለት ነው!

«እነዚህም ስድስቱ የእህቴ ልጆች ናቸው» አሉ አያ ይመር።

«ስድስቱም?»

«እህቴ ወላድ ናት።»

አንዱ ሳቀ፤ ተከትለን ሳቅን። ከመካነ ሰላም ከወጣን የመጀመሪያ ሳቃችን ነበር። ካቦው ስላልሳቀ ግን ሳቃችን ቶሎ ሞተ። አያ ይመር ቢላዋ አወጡና አሮጌውን ገመድ ከመሃል ቆረጡት። ውስጡ እንደ በሰበሰ ጭድ ጥቁር ብናኝ ሆኖ በነፋስ ሄደ።

እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ በአዲሱ ገመድ ተንጠልጥለን ሠራን። ከመካከላችን የወደቀ የለም። ሦስቱ ጋቢ ግን እስክንወጣ ድረስ ከምሰሶው አልወረደም። ስሰናበት አያ ይመርን «እናቴን ምን ልበላት?» አልኳቸው። «ምንም አትበላት። እግሯን ሳም፣ በቃ» አሉኝ።

ስንዴዬን ተሸክሜ ከመንደራችን በላይ ካለው ጉብታ ስደርስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ቆመዋል፣ ሴቶቹ ይመላለሳሉ። ቃሉ ቀድሞኝ ደርሷል ብዬ ስንዴውን ጣልኩት። ሮጬ ስደርስ ነው ጎረቤቱ ተሰብስቦ የቤታችንን ጣሪያ እየከደነ መሆኑን ያየሁት። እናቴ ጸጉሯ ላይ ሣር ተሰክቶ ወጣች። እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ሬሳ ያየህ ትመስላለህ እኮ!» አለችኝ።

አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ፣ የልጅ ልጅ አይታ ሞተች። የቀብሯ ዕለት ለቀባሪው «እናቴ ሞታለች» ስል አንደበቴ ቃሉን አወቀው። ሁለተኛዬ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰናይት በረንዳው ላይ ነገርኳት። ቆሎው ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ። እሷ ቅጹን ደጋግማ አየችው። ተለይቶ መታየት መጥፎ ነው አላልኳትም፤ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦ የሚመርጥሽ ሰው ስለምን እንደመረጠሽ ጠይቂ፤ ጠያቂ የሌለሽ መሆንሽን ከወደደልሽ ከፊቱ ሽሺ።

ብዕሯን አነሳችና በባዶው መስመር ላይ የኔን ስም ጻፈች። በማግስቱ ለደላላው ወሰደችለት። አይቶ «ይሄማ አይሆንም» ብሎ መለሰላት። እስካሁን ሥራ አላገኘችም፤ ዛሬም ማስታወቂያ ልታይ ወጥታለች። ቅጹን ግን አልቀደደችውም፣ መጽሐፏ ውስጥ አለ።

እኔም ብቻዬን ስቀመጥ አስባለሁ። ያን ቀን በኔ ባዶ መስመር ላይ ስሙን ያስጻፈልኝ ሰው ባይኖር ጋቢዬ አራተኛ ሆኖ ይሰቀል ነበር። እናቴም የሸኘችው ልጅ የት እንደቀረ ሳታውቅ ትሞት ነበር። እኚያ ሰው ይመር እንድሪስ ይባላሉ፤ የወረኢሉ ገመደኛ፣ አጎቴ።