ደመና ሲያይ የሚተኛ ራዲዮ

«በሃያ ዓመት አንድም ራዲዮ አላቃጠልኩም!» ማለት የአምቡላንስ ጣቢያው ራዲዮ ጠጋኝ የዘወትር ፉከራ ነበር። አልዋሸም፣ አላቃጠለም። ሰማዩ ገና ጉርምርም ሲል ካለበት ይሮጥና የአንቴናውን ገመድ ከራዲዮው ጀርባ ነቅሎ ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። ጠርሙስ ውስጥ የገባ መብረቅ መውጫ ያጣል ብለው ያስተማሩት የድሮ አለቃው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ሙያ የለውም እንዳይባል አለው። ምሰሶው ላይ ወጥቶ የገመዱን መጋጠሚያ ዝናብ እንዳይገባው በጎማ ፕላስተር ሲጠቀልል አራስ ልጅ የሚያለብስ ነው የሚመስለው። መብረቁን መሬት የሚያስገባው የመዳብ ዘንግ ግቢው ውስጥ መቀበር እንዳለበትም አሳምሮ ያውቃል። ግን ሥራ አስኪያጁ ግቢውን ገና ማስነጠፋቸው ነበርና «እዚህ ንጣፍ ላይ ዶማ የሚያነሳ ሰው እኔን ያገኘኛል!» አሉት። እሱም «ደግ ብለዋል ጌታዬ» ብሎ ዘንጉን ከበር ኋላ አቆመው። ምን ያድርግ! መብረቅ እንደሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጽፍም።

ራዲዮው ላይ ተቀምጣ ከአምቡላንስ ሾፌሮቹ ጋር የምትነጋገረው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ገመዱን በነቀለ ቁጥር ራዲዮው ዲዳ ስለሚሆንባት ትነድዳለች።

«ጋሼ፣ በበጋ ጃንጥላ ዘርግቶ ክረምት ሲገባ የሚያጥፍ ሰው አንተን አየሁ!»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ዕቃው ቢቃጠል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ገመዱ ተነቅሏል፣ እሱም እፎይ ብሎ ተቀምጧል። ስልክ ጮኸ። አማቹ ነው፣ የሴት ልጁ ባል። ልጁን ምጥ ይዟታል፣ ደም እየፈሰሳት ነው። አንዷ አምቡላንስ በሽተኛ አድርሳ ባዶዋን በዚያው በልጁ ሰፈር በኩል እየተመለሰች ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም። የሚስቱ እህት የራዲዮውን ማውሪያ አፈፍ አደረገችው።

«አንቴና ሳይገጠም ቁልፉን አትጫኚ፣ ራዲዮው ይቃጠላል!» ብሎ ጮኸ።

«ልጅህ ናት እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ግጠመዋ!»

ገመዱን ከጠርሙሱ አውጥቶ ገጠመው። ብልጭ ባለ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። እሷ ተጣራች። ሾፌሩ ወዲያው መለሰ።

«እንዴ! እየዘነበ እኮ ነው! ዛሬ ምን ተገኘ?»

መኪናዋ ወደ ልጁ ቤት ዞረች፣ ልጁም ሐኪም ቤት በሰላም ተገላገለች። ራዲዮው? ምንም አልሆነም፤ መብረቁም የት እንደወደቀ ያየ የለም።

በማግስቱ ጠጋኙ ሸክም እንደቀለለለት ሰው እየሳቀ ሄዶ ሾፌሩን አቀፈው። «ውለታህን ፈጣሪ ይክፈልህ!»

«ኧረ ምንም አይደል ማስተር» አለ ሾፌሩ። «ባለፈው ክረምትም ብትመልሱልን ደግ ነበር። ወላድ ይዘን ጎርፉ መንገድ ዘግቶብን፣ በየት እንዙር ብለን ስንጣራ ነበር። መኪና ውስጥ አረፈችብን።»

ጠጋኙ «ዕቃው እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ፣ ባይጠይቅ በተሻለው፣ «ብዙ ተጣራችሁ?» አለ።

«እስኪያባራ ድረስ።»