በየበሩ የሚቆመው አውቶቡስ

በመንደራችን ያለው ፀጉር አስተካካይ አንድ ብቻ ነው፤ እኛም ከንቲባው እንለዋለን። ስሙ የወጣለት ቃል መግባት ስለሚወድ ነው። ማንም ምንም ቢጠይቀው «ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» ይላል። ስሙ ብቻውን ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር፤ ግን እኛ ቀድመን የምንነቃ ሰዎች አይደለንም።

ሱቄ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ እዚያ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ እሰማለሁ። ፀጉር ቤቱ ማለት የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወትና መዞር ካቆመ የቆየ ተሽከርካሪ ወንበር አለው። የጀርባው ክፍል ግን ኦና ሆኖ ነበር። ሚስቱ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። ድሮ በጭነት መኪና ላይ፣ አንዴ ከሲሚንቶ ጋር፣ አንዴ ከበግ ጋር እየተጫነች ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ወረደችና በቃኝ አለች። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ከተማ ክፍል ተከራየች፤ ቤቷ የምትመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ሆነ። «አውቶቡስ የገባ ቀን እኔም እገባለሁ» ብላው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሰው አልሆነም። እየላጨ ይተክዛል። አንድ ጊዜማ የደንበኛውን ቅንድብ ሊያነሳው ለጥቂት ነው የተረፈው። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ለመነ። ሕዝቡ መፈለጉን ካሳያችሁን አንድ አውቶቡስ ለሙከራ እንመድባለን አሉት። ችግሩ ሕዝቡ አለመፈለጉ ነበር። ስብሰባ ሲጠራ የተገኘነው እኔ፣ ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃና ዝናብ ሊጠለል የገባ አንድ መንገደኛ ነን። ሃምሳ አለቃውም የመጡት ለመቃወም ነበር። እግር የተሰጠን ለጌጥ ነው ወይ ብለው ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ ወጡ።

ከንቲባው ዘዴውን የቀየረው ያኔ ነው። ሰው ወደ ስብሰባው ካልመጣ ስብሰባውን ወደ ወንበሩ አመጣው። ደንበኛው ይቀመጣል፣ ፎጣ ይታሰርለታል፣ አረፋ ይቀባል፤ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ስለ አውቶቡስ ጥቅም ይጀመርለታል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ አርፎ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላየሁም። ይሁንና ሰዉ ተላጭቶ ሲነሳ እንደገና ማንገራገር ጀመረ። ስለዚህ ከንቲባው ነገሩ ላይ ትንሽ ስኳር ጨመረበት። ጆሮው ስር ጠጋ ብሎ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ማቆሚያው አንተ በር ላይ ነው የሚሆነው ይለዋል። ለሁሉም፣ ለእያንዳንዱ። ሴቶቹን በባሎቻቸው በኩል ያዛቸው። እኔ ዘንድ ሳሙና ሊገዛ መጣና «እትዬ፣ አውቶቡስ ሱቅዎ በር ላይ ሲቆም ለብስኩት ሰልፍ ነው የሚሆነው» አለኝ። ዓይኔን ሳላሽ ብስኩት በካርቶን አስመጣሁ። ምስጢሩንም ለማንም አልተነፈስኩም። ማንም ለማንም አልተነፈሰም። መንደራችን ምስጢር የጠበቀው በዕድሜው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቢሮው ሰው ልኮ ሲያስጠይቅ ሁላችንም ያለ አውቶቡስ መኖር አቅቶናል አልን። ሃምሳ አለቃው ሳይቀሩ እግራቸውን ማሸት ጀመሩ። እናም አውቶቡሱ ሰኞ ጠዋት ታች ድረስ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እኔ በር ላይ ቆመ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከንቲባው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው። ሾፌሩ ገና ማርሽ ሳይቀይር የጎረቤቴ በር ላይ እጅ ወጣ፤ ቆመ። ቀጥሎ አንዲት እናት በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ሙሉ ልብስ ለብሰው በራቸው ላይ ቀጥ ብለዋል። አውቶቡሱ ትንሽ አልፏቸው ቢቆም ወደ ኋላ እንዲመለስ በእጃቸው አዘዙት፤ ተመለሰ። እንደዚህ እያልን ስንሄድ በእግራቸው የሚሄዱ አንድ አዛውንት ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ። እኛ ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በድጋሚ ሰላም አሉን።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ለመሆኑ ማቆሚያችሁ የት ነው?» አለ። ሁላችንም እኩል መለስንለት፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን በር። ከዚያ ዓይን ሁሉ ከንቲባው ላይ አረፈ። እሱ በመስኮት ውጭውን እያየ ነበር፤ ውጭው ደግሞ ግድግዳ ነው።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ሚስቱ ከኛ ጋር ተሳፍራ ነበር። በባሏ ቃል ተማምና የተከራየችውን ክፍል ለቃ፣ ፍራሿን ጠቅልላ፣ ድስቷን ታቅፋለች። ሾፌሩ ግን የመንደሩ መግቢያ ላይ፣ አሮጌው የጡብ ፋብሪካ ጋ ሲደርስ ቆመና ሁላችንንም አስወረደን። ከነገ ጀምሮ የምቆመው አንድ ቦታ ነው፣ አሁኑኑ ተስማሙና ንገሩኝ፤ አለበለዚያ ሕዝቡ አልተስማማም ብዬ ለቢሮው አሳውቃለሁ፣ ተመልሼም አልመጣም አለ።

ጭቅጭቁ ቀለጠ። ሃምሳ አለቃው ስለ ማዕረጋቸው፣ ሌላው ስለ አማቱ ጉልበት፣ እኔ ስለ ብስኩቴ። ሚስትየዋ አንዴ እኛን አንዴ ባሏን ታያለች። አውቶቡሱ ከቀረ ነገ ጠዋት ፍራሹን ተሸክማ እንደገና ክራይ ቤት ፍለጋ መሄዷ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ማን ከበሩ ይነቅነቅ?

ከንቲባው መሃላችን ገባ።

«ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «ማቆሚያ የመወሰን ሥልጣን የለኝም። እሷ ቤቷ እንድትገባ ብዬ ነው። ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ።»

እኔም ብሆን አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሃምሳ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ይቀጣ» አሉ። «ማቆሚያው ከሱ ቤት እጅግ በሚርቀው ቦታ ይሁን። እዚሁ፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ።»

እንደዚያ ያለ ስምምነት በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም። እጅ ሁሉ ወጣ። እኔ ሁለቱንም ነው ያወጣሁት፤ የኔም ቤት ከሱ ፊት ለፊት መሆኑ ትዝ ያለኝ ካወረድኳቸው በኋላ ነው። ሚስቱም ድስቷን መሬት አስቀመጠችና ባሏን እያየች እጇን አወጣች። ሾፌሩ እየሳቀ ሄደ።

ከንቲባው ፍራሹን ተሸከመ። መንገዳችን አንድ ስለሆነ እኔም ጆሮዬን ጣል አድርጌ ከኋላ ተከተልኳቸው።

«ይርቅብሻል» አላት።

«ዝም ብለህ ተሸከም» አለችው። ትንሽ ሄደው «ምን እየበላህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አለች።

አውቶቡሱ ከሙከራ ወጥቶ ቋሚ ሆኗል፤ ሰዉም ተሰልፎ ይሳፈራል። ብስኩቱን እኔው በላሁት። ማታ ማታ ጥሩምባው ከላይ ሲሰማ ከንቲባው ምላጩን ያስቀምጥና መንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ እንደሆነ ሆኖ ይጠብቃል። በቀደም ሃምሳ አለቃው ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ፣ በሩ ላይ ብቅ ብለው ሽቅብ መንገዱን ሲያዩ አየኋቸውና ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉኝ ተቆጥተው። «ሚስቱ እኮ ናት የምትመጣው።»

ፎጣቸውን አስተካክለው ተመልሰው ተቀመጡ።