ጫማ የሚወለቅበት ፒካፕ

ሰኔ 3። የፒካፗን ወለል አስቀየርኩ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ ሠርግ ያለው ሰው አጠገቧ ፎቶ ሊነሳ ይለምነኛል። የጭነት ወለሏ የዋንዛ ጣውላ ነበር። ከኋላ በኩል ግን በስብሶ ጣት ማስገባት ጀምሮ ነበር። እዚሁ ነቀምቴ አንድ ሆቴል በረንዳውን ሲሠራ የተረፈ ኮምፖዚት ጣውላ አገኘሁ። የእንጨት ብናኝና ፕላስቲክ አንድ ላይ ተጨፍልቆ የሚወጣ ነገር ነው። አይበሰብስም፣ ምስጥ አይነካውም፣ ቀለም አይጠይቅም።

አናጢው ቶሌራ አንዱን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ለመጥ አደረገው።

«ባርሲሳ፣ ይሄ እንደ ዋንዛ ራሱን አይችልም። ከሥሩ ብረቱን ላጠጋጋው። መሀል መሀሉንም ክፍተት እተውለታለሁ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል።»

እዚህ ከተማ ብዙ ዓመት ስላስተማርኩ ሰፈሩ ሁሉ «ባርሲሳ» ይለኛል፤ መምህር እንደማለት ነው።

ሥራው አማረ። ቡናማ፣ ልሙጥ፣ ብሎኑ ሁሉ በመስመር። ማታ ማታ ወጥቼ በጨርቅ እወለውለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የዕድር ድንኳን ሊጭኑ ሰዎች መጡ። የሰፈራችን የጨለለቂ ቀይ ጭቃ በሰኔ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አንደኛው ለመውጣት እግሩን ሲያነሳ አፌ ቀደመኝ።

«ጫማህን።»

ሳቁና አወለቁ። «ይቺ መኪና ሳሎን ሆነች» አለ አንዱ።

ቀልድ ነበር... ግማሹ። ከዚያ በኋላ ግን ሳልናገር ሁሉም እያወለቀ መውጣት ጀመረ። የጸሎት ፕሮግራም ያለበት ቤት በር ላይ እንደሚሆነው ከፒካፗ ኋላ ጫማ ይደረደራል። «ተዉት» አላልኩም። ደስ ይለኝ ነበር። መጻፉ ያሳፍራል፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኔ 21 ጠዋት ዝናብ እየጣለ ገመቹ በሬን ደበደበ። ገመቹ ጎረቤቴ ነው። እናቱ አዴ ጫልቱ ጓሮ ወርደው ጭቃው አንሸራቷቸዋል። መነሳት አልቻሉም። አምቡላንሱ ወደ ጉቴ ከተማ ወጥቷል ተብሏል። ባይወጣም እኛ ሰፈር እንዲህ ሲሆን ሌላ በር አይንኳኳም። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የታመመ ሰው ሆስፒታል የሚሄደው በዚች መኪና ነው።

ገመቹና ሦስት ጎረቤቶች በፍራሽ ተሸክመዋቸው መጡ። ሞተሩን አስነስቼ ወረድኩ፤ የኋላ መዝጊያውን ከፈትኩ። ፍራሹን ጫፉ ላይ አሳረፉና... ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አንዱ ክር ሊፈታ ጎንበስ አለ። ሥርዓት ሆኗል።

አዴ ጫልቱ ከፍራሹ ላይ ሆነው አዩዋቸው።

«ገመቹ... የእኔንም አውልቅልኝ።»

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ አሁን ተይው።»

«ጭቃ ነው እኮ። የሰው ዕቃ ነው።»

የግራው በቀላሉ ወጣ። የቀኙ የተጎዳው እግር ነው። ገመቹ ሲጎትተው አዴ ጫልቱ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

እኔ መዝጊያውን ይዤ ቆሜያለሁ። «ተዉት» አንዲት ቃል ናት። የድንኳኑ ቀን የቀደመኝ አፍ ያን ጠዋት ዘገየ። ቃሉ ሲመጣልኝ ጫማው ወጥቷል።

መንገድ ላይ በመስታወት አያቸው ነበር። እርጥብ ካልሲና ልሙጥ ወለል አይስማሙም። ቁልቁለቱ ላይ ፍራሹ ወደ ፊት ሲሸሽ አራቱም በእጅ በጉልበታቸው ተረባርበው ያዙት። በዋንዛው ጊዜ ፍራሽ ሲንሸራተት አይቼ አላውቅም።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነርሷ የሰዎቹን እግር አየች።

«ጫማችሁስ?»

«ባርሲሳ ቤት» አላት አንዱ። ባርኔጣ ረስቶ እንደመጣ ሰው፣ እንደ ተራ ነገር።

ነርሷ ወደ እኔ እግር ዞረች። እኔ ጫማ አድርጌያለሁ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነው።

ጫማዎቹን ላመጣላቸው ተመለስኩ። አምስት ጥንድ በሬ ላይ ተደርድረው ዝናብ ሞልቷቸዋል። የአዴ ጫልቱ ኮንጎ ጫማ ከሁሉም ያንሳል። ውሃውን እየደፋሁ በማዳበሪያ ከተትኳቸው።

የአዴ ጫልቱ ዳሌ ተሰንጥቋል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይድናሉ ተብሏል። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ የአባቴን ስም እያነሱ። ስለ ጫማው ግን እሳቸውም ልጃቸውም አልተናገሩም... ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ቶሌራ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌው ዋንዛ ደህና ደህናው ካለ መልሶ እንዲገጥምልኝ ነው። ምክንያት ቢጠይቀኝ የምመልሰውን መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ። «አበጠ» እለዋለሁ። ውሸት ነው፤ ወለሉ ምንም አልሆነም።

ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል። ደጃፉ ላይ የጫማዬን ጭቃ በድንጋይ ስፍቅ ቶሌራ ከመላጊያው ቀና ሳይል ተናገረ።

«ይግቡ ባርሲሳ። እዚህ ጫማ አይወለቅም።»

ማንም አልሳቀም። ገባሁ። ዋንዛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቶሌራ የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጦ ጥሎለታል።

«ምነው፣ ወለሉ አበጠ እንዴ?» አለኝ።

«አላበጠም» አልኩት፤ እውነተኛውን ምክንያት ሰው ፊት መናገር አቃተኝና ዋንዛውን ሳልጠይቅ ወጣሁ።