አዬ ሩቂያ በሩ ላይ የተቀመጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የግቢውን የብረት በር ማጠፊያ ግራሶ ሲቀባ ሽታው አጥር ተሻግሮ መጣብኝ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን ከሳሙናው ውሃ አውጥቼ ልጆቼ የት እንዳሉ ለማየት ወደ መንገድ ሮጥኩ። ሦስቱም ደህና ነበሩ፤ ብይ ይጫወታሉ። ቢሆንም እስኪመሽ ከዓይኔ አላራቅኋቸውም። የግራሶ ሽታ አዬ ሩቂያን ያመጣብኛል።

አዬ ሩቂያ ጅማ ውስጥ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ከሐረር በሙሽርነት መጥተው እዚያው ያረጁ፣ በርበሬና ቅመም የሚቸረችሩ፣ ቀጭን ሴት። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ እናቴ ግን እሳቸውን ሳታማክር ሽንኩርት እንኳ አትገዛም ነበር። አያታቸው በድሮው የሐረር ግንብ ላይ ካሉት አምስት በሮች የአንዱ፣ የኤረር በር፣ ዘበኛ ነበሩ። እኔ፣ ወንድሜ ታደሰና የአዬ ሩቂያ የልጅ ልጅ ጀማል በርበሬ ስንቀነጥስላቸው ስለዚያ በር ያወሩልን ነበር። ገጠሬው ጦሩን በሩ ላይ አስረክቦ እንደሚገባ፣ ሲመሽ ወፋፍራም ሳንቃዎቹ ተገጥመው ቁልፉ ወደ አሚሩ ቤት እንደሚሄድ፣ ውጭ የቀረ ከጅብ ጋር እንደሚያድር። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ታደሰና ጀማል እኩያ ነበሩ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ሁለቱም ለውትድርና የሚታፈስበት ዕድሜ ላይ ደረሱ። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ፊቷ አመድ ይመስል ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስኳር ሊታደል ነው ብሎ ለፈፈ። ቤተሰብ በሙሉ ይገኝ፤ የቀረ ሰው ድርሻውን አያገኝም። ስኳር ካየን ወራት አልፎናል። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ለስኳር ደግሞ ሰው ቆጠራ ምንድን ነው?» አለች። መቅረትም ያስጠረጥራል። ሄድን።

የቀበሌው ግቢ በር ሲዘጋ አይቼው አላውቅም ነበር። ዝጎ፣ አንዱ ክንፉ በድንጋይ ተደግፎ፣ ፍየሎች እንደልባቸው ይገቡበት ነበር። የዚያን ዕለት አዬ ሩቂያ ከእኛ ጋር ሲገቡ በሩ ላይ ቆም አሉ። ድንጋዩ ተነስቷል። ማጠፊያውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸው በግራሶ ጠቆረ። አሸተቱትና በሽርጣቸው ጠረጉት።

«ፀሐይ፣» አሉ ለእናቴ ቀስ ብለው፣ «ይሄ በር ዛሬ ሊዘጋ ነው።»

«ምን አሉ አዬ?»

«ወላሂ ሊዘጋ ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚዘጋ በር ለደግ አይደለም። ልጅሽን እዚሁ አቁሚው። ስወድቅ ይምጣ።»

ከዚያ ወደ ግቢው ውስጥ አዩ። ጀማል በጠዋት ወንበር እንዲደረድር ተጠርቶ ስለነበር ከመድረኩ አጠገብ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ፊት ተቀምጧል። በመካከል ሰፈርተኛው በሙሉ አለ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስሙን ይሁን ዱዓ አላውቅም። ወዲያው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሁለቱ የበር ክንፎች መካከል፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጠመንጃ የያዘው አብዮት ጥበቃ የሰፈራችን ልጅ ነበር። «አዬ፣ እዚህ ቁጭ ብለው ምን ሊሸጡ ነው? በርበሬ?» አላቸው።

«አንተን የሚገዛኝ ካገኘሁ አንተን።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከመድረኩ በኩል በእጅ ምልክት ሲሰጠው ግን ሳቁ ጠፋ። «ይነሱ እንጂ! በሩን ልገጥም ነው።»

«ጉልበቴ ተያዘ፣ ልጄ። ያ ረቢ! ተራምደኸኝ እለፍ።»

በእኛ አገር የተቀመጠን ሰው መራመድ ነውር ነው፤ አሮጊት መራመድማ እርግማን ነው። ልጁ ክንፉን እንደያዘ ቀረ። እሳቸው አቃስተው ወደ ጎን ተዘረሩ። እናቴ ታደሰን በጀርባው ገፋችው።

«አንተ ረጅሙ!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው። «ና አንሳቸው! ወደ ውጭ አውጣቸው!»

ታደሰ በብብታቸው ገብቶ አነሳቸው። ሙሉ ክብደታቸውን ጥለውበት ወደ መንገዱ ይዘውት ወጡ። ያን ጊዜ ከመድረኩ በኩል «አያቴ! አያቴ ወደቀች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጀማል ሰውን እየጣሰ ይሮጣል። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሁለቱ ክንፎች ያለ ድምፅ ተገጠሙ።

አዬ ሩቂያ ከውጭ በኩል ብረቱን በመዳፋቸው ሲመቱ ሰማን። ለረጅም ጊዜ መቱ።

ታደሰ በቡና ማሳ ለማሳ እየተደበቀ ሰኮሩ፣ አክስታችን ዘንድ ደረሰ። ጀማል በዚያው ቀን ከታፈሱት ወጣቶች ጋር በመኪና ተጫነ። አልተመለሰም።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ደፍሬ፣ መጀመሪያ ጀማልን ለምን እንዳልጠሩት ጠየቅኋቸው። በርበሬውን መቀንጠስ አላቆሙም። «ብጠራው ጥበቃዎቹ ሁሉ ይነቁብን ነበር። ዘበኛ በሩ ላይ የደረሰውን ነው የሚያሳልፈው፤ የሩቁን ልጠብቅ ካለ ማንም አያልፍም» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔ መውደቄን ባያይ ኖሮ ግን ሮጦ መጥቶ በሩ በፊቱ ላይ አይዘጋበትም ነበር» አሉ። እኔ ይህንን ማድረግ እችል ነበር ወይ ብዬ ልጆቼ በተኙ ቁጥር አስባለሁ። የምችል አይመስለኝም።

አዬ ሩቂያ ደርግ ከወደቀ በኋላ ሞቱ። ጀናዛቸው ሲነሳ ሰፈርተኛው ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ ነበር፤ ከፊት በቀኝ በኩል የልጅ ልጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ማን ይግባ ተባለ። ታደሰ ጫማውን አስተካክሎ ቀረበ። አንድ ሼህ ቀና ብለው አዩት፤ ክርስቲያን መሆኑን ያውቃሉ። ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው ቦታ ለቀቁለት።