አባቴና ጋሼ ሸምሱ የቆረሱት ዳቦ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። በጎልማሳነቴ የአንደኛ ዓመት የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ መምህራችን «ካምፓኒ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው በጥንቱ ላቲን «አብሮ» እና «ዳቦ» የሚሉ ቃላት እንደሆኑ፣ ዳቦ የሚካፈሉ ሰዎች ማለት እንደነበር፣ የእኛም «ኩባንያ» በጣሊያንኛ በኩል ከዚያው ምንጭ እንደመጣ ሲያስረዱን፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ የስፌት ማሽን ዘይት ይሸተኝ ጀመር።

በደርግ ጊዜ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ አባቴና ጋሼ ሸምሱ ሁለት ማሽን ፊት ለፊት አስቀምጠው በሽርክና ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እኔም ያኔ ልጅ ነበርኩና እዚያው አብሬያቸው እውል ነበር። አባቴ ጴንጤ፣ ጋሼ ሸምሱ ሙስሊም ስለነበሩ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ምሳቸው ማንም ባርኮ የማያርደው የሐይቁ ዓሣና አንድ ትልቅ ዳቦ ነበር። አባቴ ዳቦውን ሲቆርስ ጋሼ ሸምሱ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ሁለቱን ግማሽ ይለኩና «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሱሪ የሚያጥረው ለካ እንዲህ እየቆረጥክ ነው!» ይሉት ነበር።

አንድ ቀን ዳቦው ገና እንደተቆረሰ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ገቡ። የጋሼ ሸምሱ ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ጠፍቶ ነበርና፣ እሱ እስኪገኝ አባትየውንና ግብረ አበር የመሰላቸውን ሁሉ ሊወስዱ ነው የመጡት።

«ጓድ፣ ይሄ ሰውዬ ሸሪክህ ነው?» አሉት አባቴን።

«አይደለም» አለ አባቴ፣ ግማሹን ዳቦ እንደያዘ። «ክፍሉን ነው የምንጋራው።»

ጋሼ ሸምሱ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «እውነቱን ነው። እኔና እሱን የሚያገናኘን ምንም የለም» አሉና ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ተከትለዋቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በየቀኑ ዳቦውን ለሁለት እየቆረሰ ግማሹን በጋሼ ሸምሱ ማሽን ላይ ያስቀምጥ ነበር። ቢርበንም አንነካውም። እኔ ማሽኑ ብቻውን የሚሰፋ እየመሰለኝ ወደዚያ ጥግ አላይም፤ አባቴም ጀርባውን ሰጥቶት መስፋት ለመደ።

መንግሥት ሲወድቅ ጋሼ ሸምሱ ተፈቱ። ከስተው፣ ጸጉራቸው ነጥቶ መጡ። አባቴ አቅፎ ሳማቸው፤ ከዚያ ዳቦ ቆርሶ ዘረጋላቸው።

«በልቼ ነው የመጣሁት፣ ወንድሜ» አሉት በለስላሳ ድምፅ።

አንድም ቀን አልወቀሱትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እስከ መጨረሻው በአክብሮት ሰላም ይባባሉ ነበር፤ አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ምሳውን ሱቅ ውስጥ በልቶ አያውቅም። ጋሼ ሸምሱ ማሽናቸውን በጋሪ ጭነው የወጡት በሰኔ ወር 1983 ዓ.ም. ነው።