እና ሌሎችም

ባለፈው ሳምንት አል ዓይን፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር ወዳለው ያበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። የበሩ መስታወት ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል። አምስት ወጣቶች፣ ጥቁር መነጽር፣ ወፍራም የአንገት ሐብል። ከበላያቸው የእሳት ነበልባል በሚመስል ፊደል «የሂፕ ሆፕ ጉዞ፣ አቡዳቢና አል ዓይን» ይላል። ጀርባዬን ሰጥቼው ልቀመጥ ነበር፤ ያኛው ወንበር ግን ተይዟል። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከአምስቱ ስሞች በታች፣ ጥግ ላይ፣ ዓይን የማትገባ አንዲት ትንሽ መስመር አለች፤ «እና ሌሎችም» የምትል።

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ስለ ወንድሜ ብዙ ጊዜ መጻፍ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም በቅጡ የሚወጣልኝ አይመስለኝም። ግን ይቺ መስመር ባየኋት ቁጥር እንዲህ የምታደርገኝ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን መናገር አለብኝ።

ወንድሜ ጀማል በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። የወሎ፣ የወረባቦ ልጆች ነን። እሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ወደዚህ አገር መጣ፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን እንድጨርስ። ስጨርስም ቪዛ አፈላልጎ አመጣኝ። አል ዓይን፣ አንድ ላውንድሪ ቤት ገባሁ፤ የዐረቦቹን ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ከንዱራውን፣ እተኩሳለሁ። እሱ አቡዳቢ በኩል፣ አል ሻምኻ፣ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ማዳምን ገበያ ይወስዳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። የቤት ሹፌር ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው። ጀማል ታዲያ ሲጠብቅ ይገጥም ነበር። መስኮቱን ዘግቶ፣ መሪውን በጣቶቹ እየመታ፣ ስልኩ ላይ ይቀዳል፤ ለእኔም ይልክልኛል። አንዷ አሁንም በቃሌ አለች።

«መሪው በእጄ ነው፣ መንገዱ የማዳም፤
ሲሄድ የሚውል ሰው የትም አይሄድም።»

ያኔ «ደህና ነው» ብዬ ነው የመለስኩለት። «ደህና ነው» ብቻ። ቤት መምታቱን እንኳ አላደነቅኩለትም።

የመድረክ ስሙን «ጀማል ወረባቦ» ብሎ ነበር። ሌሎቹ ራፐሮች የፈረንጅ ስም ሲያወጡ አንተ የወረዳህን ስም ትሸከማለህ ወይ ብዬ ስቄበታለሁ። «እማ ብትሰማው ማን እንደሆነ ይገባታል» አለኝ።

ወረርሽኙ በገባበት ዓመት፣ ገና ወሬው ከሩቅ ሲሰማ፣ የሂፕ ሆፕ ጉዞ ሊመጣ ነው ተባለ። አራት ራፐሮች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ አንድ አርብ አቡዳቢ፣ የሚቀጥለው አርብ አል ዓይን ይጫወታሉ። አዘጋጁ ፍጹም የሚባል፣ ሆቴል የሚሠራ፣ አል ራሐ ቢች የሚኖር ሰው ነበር። ጀማል በማዳም መኪና ሄዶ ሁለት ሥራዎቹን አሰማው። ፍጹም ወደደለት። አል ዓይን ላይ በሁለቱ ሥራዎችህ መድረኩን ትከፍትልናለህ፣ ስምህም ፖስተሩ ላይ ይገባል አለው። ጀማል ይህን ሊነግረኝ ሲደውል ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። መድረኩን አላነሳም። የሚያወራው ስለ ፖስተሩ ነው። ፎቶውን አትሞ ለእማ ሊልክላት ፈልጎ ነበር።

ፖስተሩ የደረሰን በአንድ አርብ ከሰዓት ነው። ወሩ የካቲት ነው፤ እዚህ አገር ውጭ መቀመጥ የሚቻልበት ወር። ጀማል እንደ ልማዱ ወደ እኔ አል ዓይን በአውቶቡስ መጥቶ፣ አብረውት ከአል ሻምኻ ከመጡት ከጋሽ ይመርና ከሁለት የላውንድሪ ጓደኞቼ ጋር መናፈሻው ሣር ላይ ተቀምጠናል። ጋሽ ይመር ጀማል የሚሠራበት ቤት ጎረቤት ሹፌር ናቸው፤ አባት የሚያህሉ፣ ለድመት እንኳ አንቱ የሚሉ ሰው። ሳምቡሳ ከሚጥሚጣ ጋር እየበላን ነበር። ስልኩ ጮኸ። ጀማል እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከፈተው።

አራት ትልልቅ ፊቶች። አራት ትልልቅ ስሞች። ከሥር «እና ሌሎችም»።

በሁለት ጣቶቹ ምስሉን ሳበው። እንደገና ሳበው። ፊደሎቹ እስኪፈርሱ ድረስ አጎላው፤ ስሙ ከኋላቸው ተደብቆ ያለ ይመስል። ያን ጊዜ እኔ አፌን ከፈትኩ።

«አለህ እኮ፤ ሌሎችም ማለት አንተ ነህ» አልኩት።

ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። በዚያ ማቆም እችል ነበር። ግን ሳቁ ጣመኝ። በትምህርት ቤት አማርኛ የምደፍን ልጅ ነበርኩ፤ ያን እሱ ባቆመው ትምህርት የተማርኩትን መልሼ እሱ ላይ ተጠቀምኩበት። ስሙ ብዙ ቁጥር ስለሆነ ግሱም ብዙ ቁጥር ይሁን ብዬ ደነገግኩ። ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ «ሌሎችም መጡ፣ ቦታ ልቀቁላቸው» አልኩ። ሻይ ሲቀዳ «ሌሎችም ስኳር ይወዳሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ይመር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንቱታ ለእሳቸው ልማዳቸው ስለሆነ ቀልዱን ከሁላችን በላይ ወደዱት። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ አል ሻምኻም አል ዓይንም ሌሎችም ሆኖ ቀረ። በሳምንቱ የማላውቀው ሰው ላውንድሪ መጥቶ «የሌሎችም ወንድም አንተ ነህ?» አለኝ። ኮራሁ። ያወጣሁት ስም አገር ለአገር ሲዞር ማየት ደስ አለኝ።

ጉዞው አልሆነም። በመጋቢት አዳራሾች ተዘጉ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡትም ቀሩ። ፍጹም ተራዘመ እንጂ አልተሰረዘም አለ። ለአዲሱ ቀን አዲስ ፖስተር አሠራለሁ፣ ባለፈው ቦታ ጠቦን ነው፣ የጀማል ስም አሁን ይገባል ብሎ ፎቶ አስላከው። ጀማል ቃሉን አመነ። ሰው ሁሉ ስለ ሞትና ስለ ሥራ በሚያወራበት በዚያ ወራት እሱ ፖስተር ይጠብቅ ነበር።

በሰኔ ከአቡዳቢ አል ዓይን መሻገር ተከለከለ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በግራና በቀኝ ዛፍ የተተከለበት፣ ወደ እኛ ሲቃረብ አሸዋው እየቀላ የሚሄድ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ያን ጊዜ ግን ከወረባቦ የሚርቅ ሆነብን። የቴምሩ ፍሬ እየበሰለ፣ ሙቀቱ ከግድግዳው እየወጣ፣ እኔ የሆስፒታል አንሶላ እተኩስ ነበር፤ ከንዱራ የሚያመጣ ቀንሶ ነበርና።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለ። ትንሽ ያስለዋል። የመኪናው ማቀዝቀዣ ነው አለኝ። ስለ እማ አወራን። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ኑርዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ሌላው የፈለገውን ይበለኝ። አንተ ግን ጀማል በለኝ።»

ደነገጥኩ። ወይም... አይ፣ ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። አፈርኩ። ሳፍር የምቀልድ ሰው ነኝ።

«እሺ፣ ሌሎችም» አልኩት።

ትንፋሹ ተሰማኝ። ትንሽ ሳቀ መሰለኝ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ደህና ዋል» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁትም። ሆስፒታል መግባቱን በጽሑፍ ነገረኝ፤ ጉንፋን ናት፣ ለእማ እንዳትነግራት አለ። «አብሽር፣ አልነግራትም» ብዬ መለስኩ። ቀጥሎ የላክኋቸው መልእክቶች ሳይነበቡ ቀሩ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ቀድሞ ደጅ ይደርሳል፣ ሰውየው እንዲቀመጥ ይደረጋል። ያን ሰኔ ማን ይሰብሰብ? ጋሽ ይመር ብቻቸውን ስልክ ይዘው ቀሩ። ከዐስር ሶላት በኋላ ደወሉልኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ የአንድ ከንዱራ አንገት እየተኮስኩ ነበር። ጋሽ ይመር ከሩቅ ጀመሩ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ከዚያ የሰፈራቸው አንድ ዘበኛ መሞቱን ነገሩኝ።

«ኢናሊላሂ» አልኩ።

«አዎ» አሉ። «ሌሎችም አረፉ፣ ኑርዬ።»

«አላህ ይዘንላቸው» አልኩ። ካውያውን አላቆምኩም። በዚያ ሰሞን በየቀኑ የምንሰማው ይህንኑ ነበር፤ ሌሎችም ታመሙ፣ ሌሎችም አረፉ። ጨዋ ለመሆን ብዬ ጠየቅኩ። «ስንት ናቸው?»

የካውያው እንፋሎት ብቻ ይሰማል።

«አንድ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር። «አንድ ሰው ነው። ጀማል ብዬ ልናገረው አፌ እምቢ አለኝ።»

ያን ከንዱራ ተኩሼ ጨርሼ ሰቀልኩት። እጅጌዎቹንም አስተካከልኳቸው። ለምን እንደጨረስኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እማን በስልክ ያረዳኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ጠየቀችኝ እንጂ። ማን አጠበው፣ ማን ከፈነው፣ ማን አፈር አለበሰው አለች። አልነበርኩም፤ የኬላው ፖሊሶች አላሻገሩኝም። ምን ልበላት?

«ሌሎች ናቸው፣ እማ።»

መንገዱ ሲከፈት መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። ረጅም ረድፍ ነው፤ አፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ራስጌው ላይ ትንሽ ሰሌዳ ቆሟል፣ በዐረብኛ ስሙ ተጽፎበታል። ስሙ ለብቻው ተጽፎ ያየሁት እዚያ ነው። ፍጹም ዘንድም አንድ ጊዜ ደውዬ ነበር። አዲሱ ፖስተር ተሠርቶ ከሆነ እንዲልክልኝ ለመንኩት። አልተሠራም አለኝ፤ የጉዞውን ነገር ከግንቦት ጀምሮ ትቶት ኖሯል። ለጀማል ያልነገረው ሞራሉ እንዳይነካ ብሎ ነው። አልተቆጣሁትም። እኔ በምን አፌ?

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አሁን ጀማል ሲሞት የነበረውን ዕድሜ አልፌዋለሁ፤ ታላቄ የነበረው ሰው ታናሼ እየሆነ ነው። ሰዎች ስለ እሱ ሲያነሱልኝ አሁንም «ነፍሱን ይማረውና ሌሎችም» ይላሉ፤ በደግነት፣ በናፍቆት። ላርማቸው እፈልግና እተወዋለሁ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ አንድ ሰው ብቻ በዚያ ስም እንዳይጠራው ለመነ፤ ያ አንድ ሰው እምቢ አለ። ልጅነት ነው ይሉኛል። ይሁን። ግን እሱ በሃያ ዓመቱ የራሱን ትምህርት ትቶ እኔን እያስተማረ ነበር።

የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ፣ ገና በቅርብ የመጣች የደሴ ልጅ፣ ፖስተሩን ሳፈጥበት አይታ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አለች።

«ትሄዳለህ?» አለችኝ። «ገና ሌሎችም ይመጣሉ እየተባለ ነው። ማን እንዲመጣልህ ነው የምትፈልገው?»

«ጀማል ወረባቦ» አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። ልጅቷ ወደ መስታወቱ ሄደች። ከላይ ጀምራ እያንዳንዱን ስም በጣቷ እየነካች ወረደች፤ ትንሿን መስመርም ሳትዘል።

«የለም እኮ» አለች።

«አዎ» አልኳት። «የለም።»