የውሃልክ አዲስ ወለል

የአዳራሹን አናጢ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም «ጋሽ ውሃልክ» ይሉታል፤ እሱም ሲጠሩት ይዞራል። ስሙን ያወጡለት የድሮ ተጫዋቾች ናቸው፤ ከደረት ኪሱ የማትለየውን፣ አውራ ጣት የምታክል ውሃ ልክ አይተው። ቅጽል ስም እንዲህ ልክክ ብሎ ሰው ላይ ሲቀመጥ እኔ አላየሁም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ሰዎቹን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ነው፤ ዘመም ያለ እንደሆነ ሰላምታውን አቋርጦ ያቃናል። በገዛ ሠርጉ ቀን፣ ሙሽሪት አጠገቡ ቆማ፣ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» እያለ፣ እሱ የጠረጴዛው አንድ እግር ሲነቃነቅ አይቶ ጎንበስ ብሎ ካርቶን ሲወትፍ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው አለ፤ ሙሽሪት ብቻዋን ትስቃለች፣ ከጎኗ የሙሽራው ጀርባ ይታያል። ባለቤቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። «ያገባሁት ይሄንን ነው» ትላለች።

በዚያ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ወንበሩም በሩም የተጫዋቾቹ የልብስ ሳጥንም በእሱ እጅ ያለፈ ነው። አንዲት ልጅ አለችው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እሱ ዘንድ እየመጣች፣ የቤት ሥራዋን በተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ እየጨረሰች፣ የቀረውን ሰዓት ኳስ እየወረወረች አደገች። ይኸው ዛሬ የዚያው ክለብ ደመወዝተኛ ተጫዋች ናት። ከሩቅ ወርውራ ሦስት ነጥብ ማግባት የእሷ ሥራ ነው፤ አምና ከሊጉ ወርዋሪዎች ሁለተኛ ሆና ነው የጨረሰችው። አባትየው ስለ ልጁ ሲጠየቅ «ምንም አትል» ብሎ ነገሩን ሊያሳንስ ይሞክራል፤ ፊቱ ግን ያጋልጠዋል።

ነገሩ የተጀመረው ወለሉ ሲቀየር ነው። አሮጌው ወለል ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ ይል ነበር፤ ኳሱም አንዳንድ ቦታ ላይ ሲነጥር ሞቶ ይቀራል። ክለቡ ውድድር በማይኖርበት ወራት አዲስ ጣውላ አስመጥቶ «አንተው ሥራው» አለው። ሠራው፣ ያውም ነፍሱን አስገብቶበት። ጣውላው ዳግመኛ እንዳይጮህ ብሎ ከሥሩ በፕላኑ ላይ ያልነበረ ሁለተኛ ረድፍ የሞራሌ እንጨት ደረበበት። ወለሉ ከፍ ሲል በሮቹ መሬት እንደሚይዙ ገባውና አሥራ አንዱንም በር ነቅሎ ከታች ከታች ላጋቸው። የመግቢያውን ደረጃ እንኳ አንድ እርከን ጨመረለት። ሲጨርስ ውሃ ልኳን አርባ ቦታ አስቀምጦ ፈተነው፤ አረፋዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። የፌዴሬሽኑ መርማሪ ደግሞ ወለሉ ከመነጠፉ በፊት መጥቶ፣ ያለውን ሁሉ ለክቶ፣ ፈርሞ ሄዷል። እንግዲህ ማን ምን ብሎ ይጠርጥር።

ውድድሩ ተጀመረ፤ ጉዱም አብሮ ተጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን በሃያ ሁለት ነጥብ ልዩነት አሸነፉ። ሻምፒዮኖቹ የወረወሩት ኳስ ሁሉ የቀለበቱን የኋላ ብረት እየመታ ይመለሳል፤ የእኛዎቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቢወረውሩ የሚያገቡ ይመስሉ ነበር። ቀጭኔ የሚሏት የቡድኑ ረጅም፣ በዕድሜዋ ቀለበቱን በጣቷ ጫፍ እንኳ ነክታ የማታውቀው፣ ዘላ ጨበጠችው። «የእረፍቱን ወራት ሙሉ ደረጃ በሩጫ የወጣሁት ለዚህ ነው» ብላ ለጋዜጠኛ ስትናገር ሰው ሁሉ አመናት።

በሳምንቱ ከሜዳቸው ውጪ ሄዱና ገና ዘንድሮ ከታችኛው ሊግ ባደገ ቡድን ተሸነፉ። ተመልሰው በሜዳቸው አሸነፉ፤ ወጡና ደግሞ ተሸነፉ። ስድስት ጨዋታ ሲያልቅ ሦስት ድል፣ ሦስት ሽንፈት፤ ድሉ ሁሉ ቤታቸው፣ ሽንፈቱ ሁሉ ሰው ቤት። ሬዲዮ ላይ አፍ ያለው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ደረደረ። አንዱ የመንገድ ድካም ነው አለ፣ ሌላው የደጋፊ ነገር ነው አለ፤ የቡድኑ አውቶቡስ ሾፌር ሳይቀር «እኔ ስነዳ ቢተኙ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብሎ ተንትኗል።

የባሰው የልጅቱ ነው። ቤት ስትሆን ወርውራ አትስትም፤ ውጪ ስትሄድ ግን ኳሷ የቀለበቱ የፊት ብረት ላይ እየደረሰ ይወድቃል። በሦስቱ የውጪ ጨዋታዎች ሃያ አራት ጊዜ ሞክራ ሁለት ብቻ አገባች። ሰው አገር ስትሄድ ትፈራለች ተባለ። እሷም ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ጣቶቿ እስኪላጡ ትለማመድ ጀመር። የት? እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ቀለበት ላይ። በተለማመደች ቁጥር ይብስባታል። አባትየው ያያታል፣ ግን ስለ ኳስ አንድ ቃል ሊመክራት አይችልም።

አሰልጣኟ ክፉ ሴት አይደለችም። በልጅነቷ እዚያው አዳራሽ የተጫወተች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሰኞ ዕለት ልጅቱን ጠርታ እቅጩን ነገረቻት። የተጫዋቾች ዝርዝር የሚዘጋው በሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ ክለቡ ሌላ ወርዋሪ አግኝቷል፤ ቅዳሜ ከሜዳ ውጪ ባለው ጨዋታ ካልተሻላት ቦታዋን ለአዲሷ ትለቃለች። ልጅቱ ቤት ገብታ «እጄ ሞቷል፣ እማዬ» አለች። አባትየው ከጓዳ ሆኖ ሰማት። ምን ይበላት? የዘመመ ነገር ቢሆን ኖሮ ተነስቶ ያቃናው ነበር።

በማግስቱ ማክሰኞ የቀለበቶቹን መረብ ለመቀየር መሰላል ላይ ወጣ። ለዘንድሮ የመጀመሪያው ቅያሬ ነው። ይህን ሥራ ሁሌም የሚሠራው በአንድ መንገድ ነው፤ አምስተኛው እርከን ላይ ይቆማል፣ ቀለበቱ ከዓይኑ ትይዩ ይሆናል፣ እጁም ሳያይ ያስራል። ያን ቀን አምስተኛው ላይ ቆመ፤ ቀለበቱ ከአፍንጫው በታች ሆነበት። እጁ መንጠቆ ፍለጋ ባዶውን አየር ዳሰሰ። «ረዘምኩ እንዴ?» አለ ለራሱ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የሚረዝም ሰው የለም። ወርዶ መሰላሉን መረመረ፤ ደህና ነው። ዳግም ወጣ፤ ያው ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ ወደዚያ ወደሚያብለጨልጨው ወለሉ ተመለከተና ክው አለ።

ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ከወለል እስከ ቀለበት ሦስት ሜትር ከአምስት ሴንቲ መሆን አለበት። የሱ ግን ሁለት ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ ሆነ። በሌላኛው በኩል ሄዶ ለካ፤ ሁለት ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ። ቀለበቶቹ የታሰሩት ግድግዳው ላይ ነው፤ ካሉበት አልተነቃነቁም። ወለሉ ነው ስድስት ሴንቲ ወደ እነሱ የወጣው። አሥራ አንድ በር አስታውሶ ሁለት ቀለበት ረሳ። በሩ የእሱ ሥራ ነው፣ ቀለበቱ የብረት ሠራተኛው፤ ስለዚህ አንገቱን ቀና አድርጎ አላየም። ልጁም ዝቅ ባለ ቀለበት ላይ ስትለማመድ ሰንብታ ከፍ ባለው ላይ እየወረወረች ነበር። እጇ አልሞተም፤ እጇ የአባቷን ስህተት ነው በሚገባ የተማረው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ የሚያኮራ አልነበረም። መፍቻ አምጥቶ ብሎኖቹን ሊፈታ፣ ቀለበቶቹን ከፍ አድርጎ ሊያስር፣ ከዚያም አፉን ሊዘጋ አሰበ። ማን ያውቃል? መፍቻውንም አምጥቶ ነበር። ግን ነገ ልምምድ ሲገቡ እዚህም ኳሱ ያጥርባቸዋል፤ ልጅቱም በገዛ ሜዳዬም አቃተኝ ብላ ጨርሳ ተስፋ ትቆርጣለች። የእሱ ስም ይተርፋል፣ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን እጇን ስትረግም ትኖራለች። መፍቻውን መልሶ ሳጥን ውስጥ ወረወረና አዳራሹን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እናትና ልጅ ሾርባ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ወለሉ ከፍ ብሏል» አለ፣ ሳይቀመጥ።

«የቱ ወለል?» አለችው ባለቤቱ።

«የሠራሁት። ስድስት ሴንቲ። ቀለበቶቹን አብሬ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ዝቅ ያለ ቀለበት ላይ ነው ስትለማመዱ የከረማችሁት። ውጪ ስትሄዱ ኳሱ የሚያጥርባችሁ ለዚህ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሱ ቁጣዋን ጠብቆ አንገቱን ደፋ።

«እጄ ደህና ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ደህና ነው። አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብሎ ሊጠጋት ሲል ለካ እየሳቀች ነው። እየሳቀችም አለቀሰች። «ቀጭኔ እኮ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ደረጃ ወጥቼ ነው ብላ ለአገር ምድሩ አውርታለች።» ይሄኔ እናትየዋም ሳቋ አመለጣት። እሱ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ መሳቅ ይፈቀድለት አይፈቀድለት አላወቀም።

«ለአሰልጣኟ እኔ ልንገራት?» አለችው ልጁ።

«የለም። ያጠፋሁት እኔ፣ የምናገረውም እኔ።»

ረቡዕ ጠዋት ተጫዋቾቹ እንደተሰበሰቡ ቆቡን አውልቆ ተናገረ። አሰልጣኟ አላመነችውም፤ ሜትሩን ተቀብላ ራሷ መሰላሉ ላይ ወጥታ ለካች። ወርዳ አፍጥጣ አየችው።

«ጋሽ ውሃልክ፣ እርስዎ?»

«እኔው ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔ እኮ የአጨዋወት ስልት ሦስቴ ቀየርኩ» አለች። «የምግባቸውን ነገር አጠበቅሁ፣ ስኳር ከለከልኳቸው።» ራሷን ነቀነቀችና ወደ ልጆቹ ዞረች። «በሉ፣ ስኳሩን ብሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀጭኔ ብቻ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ ውሃልክ ከእሷ ጋር ለመታረቅ ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ጠንቷል። የክለቡ ሊቀ መንበርም አልሳቀም። ለፌዴሬሽኑ አስታወቀ፤ ፌዴሬሽኑ ሁለቱም ቡድኖች የወረወሩት በዚያው ቀለበት ነው ብሎ ውጤቶቹን አጸናቸው። ውሃልክ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው። «ይገባኛል» ብሎ ፈርሞ ተቀበለ። ቀለበቶቹን ከብረት ሠራተኛው ጋር ሆኖ ያንኑ ረቡዕ ዕለት ነው ከፍ ያደረጋቸው። ልጅቱም ሦስት ቀን እዚያ ሥር ዋለች።

ቅዳሜ አሰልጣኟ «እርስዎም ይምጡ፣ ሜትርዎን ይያዙ» ብላ አውቶቡሱ ላይ አሳፈረችው። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ልጅቱ ኳስ በያዘች ቁጥር የባለሜዳው ደጋፊዎች ሁለት ጣታቸውን አራርቀው ስድስት ሴንቲ እያሳዩ ይሳለቁባታል። ውሃልክ ወንበሩ ላይ ኩምትር አለ። የመጀመሪያ ሙከራዋ አጠረ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አጠረ። የሁለት ወር ልማድ በሦስት ቀን አይለቅም። አሰልጣኟ ወደ ተጠባባቂዎቹ ዞር አለች።

አሰልጣኟ ግን አላስወጣቻትም። «ከጉልበትሽ» አለቻት ብቻ። ልጅቱ ጉልበቷን እጥፍ አድርጋ ወረወረች፤ ኳሱ ከፍ ብሎ ሄዶ ብረት ሳይነካ ገባ። የሚቀጥለውም ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ውሃልክ መቁጠር ትቶ ነበር፤ ሌሎች እንደነገሩት ስድስት አግብታለች፣ ቡድኑም በአራት ነጥብ አሸንፏል። ጣታቸውን ሲያራርቁ የነበሩት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ውሃልክ አጠገቡ የነበረውን የማያውቀውን ሰው፣ ያውም የባለሜዳውን ደጋፊ፣ አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ሰውየው ግራ ገብቶት ጉንጩን ጠረገ።

ስለ ተጫዋቾቹ ዝርዝር ግን አሰልጣኟ በመንገድም አልተነፈሰች። አዲሷ ወርዋሪ እሁድ ሻንጣዋን ይዛ ገብታ ሆቴል አርፋለች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተጫዋቾቹ ዝርዝሩን ሊሰሙ ፎቅ ላይ ሲጠሩ ውሃልክ ታች ሥራ ቦታው የአንድ ወንበር መደገፊያ ያልግ ነበር። ሲልግ ሲልግ እንጨቱ ሳስቶ ለምንም የማይሆን ሆነ፤ ሌላ አነሳ። ያንንም አበላሸው። የእግር ኮቴ ደረጃውን ወረደና በሩ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም።

«አባዬ» አለችው ልጁ።

«እ?»

«አለሁ። አዲሷም ገብታለች፣ እኔም አለሁ።»

መላጊያውን አስቀመጠ፤ እጁ ስላላረፈ አንስቶ እንደገና አስቀመጠው።

«ነገ ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«በሁለት።»

«በአንድ ሰዓት እከፍትልሻለሁ» ሊላት ጀምሮ ድምፁ ከመሃል ተሰበረበት። እንባውን ሊደብቃት አልሞከረም። እሷም ገብታ በሥራ ልብሱ ላይ፣ በእንጨት ብናኙ ላይ፣ እቅፍ አድርጋ ያዘችው።